የተከፈተ ዲስክ ሁሉ የዳነ አይደለም

አንድ አዛውንት ነጋዴ ከድሬዳዋው መጋላ ሰፈር አሮጌ ኮምፒውተር በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ከዚራ ወዳለችው ሱቄ ይዘውልኝ መጡ። ውስጡ የብዙ ዓመት ደብዳቤና የዕቃ ዝርዝር አለ፤ ሁሉም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ። «ልጄ፣ ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጥልኝ፣ ይበቃኛል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ብገለብጠውም አይነበብልዎትም» አልኳቸው።

ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ሥሪት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች ግዕዙን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡት ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤው ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ዲስኩን ከነፕሮግራሙ፣ ከነፎንቱ እንዳለ ወደ አንድ ፋይል እቀዳዋለሁ፤ የዲስክ ኢሜጅ የምንለው ይህ ነው። ኢሜጁን ደግሞ ኪዩኢሙ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ አስነሳዋለሁ። ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ይህ ፕሮግራም አሮጌውን ማሽን ተክቶ ይሠራል።

ሥራውን ስጀምር የዊንዶውስ ገጽ ብቅ ካለ አበቃ ብዬ አምን ነበር። አንድ ጊዜ የሌላ ደንበኛ ኢሜጅ እንደዚያው ተነሳ፣ ሁለት ሦስት ደብዳቤ ከፍተን አየን፣ ባለቤቱም አመስግነው ሄዱ። ከወራት በኋላ ተመልሰው መጡ። መሀል ላይ ያሉት ደብዳቤዎች ባዶ ናቸው። የመቅጃው ፕሮግራም ማንበብ ያቃተውን ቦታ ሁሉ በዜሮ ሞልቶ አልፎ ነበር፤ እኔም ያንን አልመረመርኩም። ዋናው ዲስክ የት እንዳለ ብጠይቃቸው «አለቀ ስላልከኝ ጣልኩት» አሉኝ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ያን ጊዜ ኢሜጁን በኪዩኢሙ መመርመሪያ አሳልፌው ነበር፤ ስህተት የለም ብሎኛል። አልዋሸም። ኪውካው ቱ የሚባለው የኢሜጅ ፎርማት እንደ መጋዘን ነው። ዲስኩን አብዛኛውን ጊዜ በ64 ኪሎባይት ከፋፍሎ የትኛው ክፋይ የት እንደተቀመጠ በመዝገብ ይይዛል። መርማሪው መዝገቡንና መደርደሪያውን ያስተያያል እንጂ ጆንያውን ፈትቶ እህሉን አያይም። ባለቤት የሌለው የተያዘ ቦታ ካገኘ ብክነት ነው፣ መረጃ አይጎዳም። አንድ ቦታ ለሁለት ባለቤት ተመዝግቦ ካገኘ ግን እጅን መሰብሰብ ነው። ሬው የሚባለው ጥሬ ኢሜጅ ደግሞ መዝገብ የለውም፤ መርማሪው ይህን ፎርማት አልመረምርም ብሎ ይመልሰዋል።

ዛሬ መጀመሪያ የምይዘው የንባቡን ካርታ ነው። ዲዲሬስኪዩ የሚባለው መቅጃ ፕሮግራም ያልተነበበውን ሴክተር፣ ማለትም የዲስኩን ትንሽ ክፋይ፣ አንድ በአንድ መዝግቦ ያስቀምጣል። ከዚያ ይዘቱ ቢለወጥ እንዲያሳውቀኝ የጥሬውን ኢሜጅ ሻ256 አሻራ እወስዳለሁ፤ ፎርማት ከቀየርኩ በኋላ ሁለቱን ኢሜጆች ይዘት ለይዘት አስተያያለሁ። ሳስነሳውም በዋናው ላይ አይደለም፣ ከላዩ በተደረበ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ነው፤ ዊንዶውስ ገና ሲነሳ መጻፍ ይጀምራልና።

ብዙ ያስተማረኝ ቪኤችዲ የሚባለው የኢሜጅ ፎርማት ነው። መጨረሻው ላይ 512 ባይት መታወቂያ አለው፤ የሚጀምረውም «ኮኔክቲክስ» በሚሉ ስምንት የላቲን ፊደላት ነው። ቨርቹዋል ፒሲ የተባለውን ፕሮግራም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ለማይክሮሶፍት የሸጠው ኩባንያ ስም ነው። መጠኑ ቋሚ በሆነው ቪኤችዲ ከመታወቂያው በፊት ያለው ሁሉ ተራ ዲስክ ነው። ስለዚህ ቅጂው መሀል ላይ ተቋርጦ ጅራቱ ቢቀርም መጀመሪያው ሙሉ ነውና ሊነሳ ይችላል። እንዲህ ያለ ፋይል ሲመጣልኝ የማየው ከጅራቱ ጀምሬ ነው፤ ፊደሎቹ አሉ ወይ፣ የመታወቂያው ድምር ይገጥማል ወይ፣ የተጻፈው መጠን ከፋይሉ ጋር ይስማማል ወይ።

መሣሪያዎቼንም ሳልፈትን አላምናቸውም። አዲስ ሥሪት ስጭን በባዶ ኢሜጅ ላይ 170 ቁጥርን ደጋግሜ እጽፋለሁ፤ ከ65,536ኛው ባይት 512 ባይት ቀድሜ ጀምሬ የ64 ኪሎባይቱን ክፋይ ወሰን እንዲሻገር አደርጋለሁ። ስህተት የሚደበቀው እንዲህ ያለ ወሰን ላይ ነው። ከዚያ እየጻፈ ሳለ ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ አነበዋለሁ። መብራት በድንገት በሚሄድበት ከተማ ይህን ፈተና መዝለል በሰው ንብረት መቀለድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ድሬ የቀድሞ ታሪኳ በወረቀት ነው፤ ወረቀት ሲያረጅ ያስታውቃል። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ያለው የነጋዴው፣ የዕድሩ፣ የትምህርት ቤቱ ታሪክ ግን እንዲህ ባሉ ዲስኮች ላይ ነው፤ ዲስክ ሲሞት ድምፅ ላያሰማ ይችላል።

ከአዛውንቱ ዲስክ 48 ሴክተር አልተነበበም። አብዛኛው ባዶ ቦታ ላይ ዋለ፤ ሁለት ደብዳቤዎች ግን ተጎድተዋል። የትኞቹ እንደሆኑ በወረቀት ጽፌ ከኢሜጁ ጋር ሰጠኋቸው፣ ዲስኩንም እንዳይጥሉት ለመንኳቸው። እናንተም ቤታችሁ እንዲህ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ካለ እስቲ ልየው ብላችሁ አታብሩት። መጀመሪያ ይቀዳ፤ የቀዳላችሁንም ሰው ያልተነበበው የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁት።