ሠላሳ ስምንት ሰው በሦስት ሰከንድ

አባቴ ባረፉ በዓመቱ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ሙት ዓመታቸውን ለማውጣት ቤተሰቡ ሥራ ሲከፋፈል ለእኔ የደረሰኝ ፎቶው ነበር። ከአልበም፣ ከቆርቆሮ ሣጥንና ከዘመድ ቤት የለቀምኳቸውን 92 ፎቶዎች ስካን አደረግሁ። ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች አንዱን መረጥሁ። የቀረኝ ሁለቱን አጣምሮ ሳሎን ያለው የዲቪዲ ዴክ የሚያጫውተው ዲስክ ማውጣት ነበር። የሠራሁበት ፕሮግራም ዊንዶውስ ዲቪዲ ሜከር ይባላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አወጣው፤ በ2009 በዊንዶውስ 7 ውስጥም አቆየው፤ በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ተወው። ዕድሜው አጭር ነበር። እኔ ግን በዚያው አሮጌ ላፕቶፕ እስካሁን እሠራበታለሁ፤ ጥሩውንም ጉድለቱንም በእጄ አውቀዋለሁ።

ምን ያህል ሸክም እንዳቀለለ ለማወቅ ያለሱ የሚሆነውን ማየት ይበቃል። ኮምፒውተር ላይ ፎቶና ዘፈን አጣምሮ ማሳየት ማንም ይችላል። ያንኑ ፋይል ዲስክ ላይ ገልብጠው ዴክ ውስጥ ሲከቱት ግን ዴኩ ብዙ ጊዜ ጥቂት አጉረምርሞ ዝም ይላል። ዴክ የሚያውቀው የራሱን ሥርዓት ብቻ ነው። ዲስኩ ላይ ቪዲዮ ቲ ኤስ የሚባል ፎልደር ይፈልጋል። በዚያ ውስጥ ምስሉ በኤምፔግ 2 ተጨምቆ፣ ከድምፁ ጋር ቪ ኦ ቢ በሚባሉ ፋይሎች ተቀምጦ ማግኘት አለበት። አይ ኤፍ ኦ የሚባሉት ትንንሽ ፋይሎች ደግሞ የቱ ከየት እንደሚጀምር፣ ሪሞቱ ሲነካም ወዴት እንደሚኬድ ይነግሩታል። ዘፈኑ እንኳ እንዳለ አይገባም፤ በሙዚቃ ሲዲ ላይ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካው ድምፅ ለዲቪዲ 48,000 መሆን አለበት። የእናቱን ፎቶ ለዘመድ ማሳየት የፈለገ ሰው ይህን ሁሉ እንዲማር መጠየቅ ግፍ ነው።

ዲቪዲ ሜከር ይህን ሁሉ ከሁለት ገጽ ጀርባ ይጨርሰዋል። በመጀመሪያው ገጽ ፎቶዎቹ ይጨመራሉ፤ ራሱ ሰብስቦ በአንድ የስላይድ ሾው ፎልደር ያስቀምጣቸዋል፤ ቅደም ተከተላቸውን በማውስ እየጎተቱ ማስተካከል ነው። በሁለተኛው ገጽ የሜኑው መልክ ይመረጣል፣ ርእሱ ይጻፋል፣ ሙዚቃው ይገባል። ከዚያ ዲስኩን በርን ማድረግ ብቻ ነው። ኒያላ የተባለው የግእዝ ፊደል ከቪስታ ጋር አብሮ በመምጣቱ የአባቴን ስም ርእሱ ላይ በራሳችን ፊደል ማስፈር ቻልሁ፤ ዲስኩን ከከፈቱት ዘመዶች መካከል ስሙን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያነበቡት ብዙ ነበሩ። (ፊደሉን ማወፈር ግን ያስፈልጋል። ቀጫጭን አግድም መስመሮች በድሮው ቴሌቪዥን ይርገበገባሉ።)

ከሁሉ የወደድሁለት ብዙ ሰው ሳይከፍተው የሚያልፈውን የአማራጮች መስኮት ነው። ዲስኩ ሲገባ ሜኑ ይቅደም ወይስ በቀጥታ ይጀምር፣ ወይስ ማንም ሳይነካው እየተመላለሰ ይጫወት የሚለው ምርጫ እዚያ አለ። ትንሽ ነገር ይመስላል። በስንት ቤት ግን ሜኑ ላይ ቆሞ አንዲት ቁራጭ ዜማ እየደጋገመ የቀረ ዲስክ አይቻለሁ፤ ሪሞቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ማን እንደሚያነሣው ሁሉም ይተያያል። እንግዳ በሚገባበትና በሚወጣበት የሙት ዓመት ቤት እየተመላለሰ የሚጫወት ዲስክ እንደተቀጣጠለ ዕጣን ነው፤ ሰው በመጣ ሰዓት ያገኘዋል። ይህን መስኮት ያሰበው ሰው ሶፋ ላይ የሚቀመጠውን ተመልካች አስቦ ነው የሠራው።

ጉድለቱ የጊዜ አያያዙ ላይ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ከጊዜ የሚበልጥ ነገር የለም። ለፎቶዎቹ የሚሰጠው የቆይታ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሳይነካ 7 ሰከንድ ነው። መቀየር ይቻላል፤ ከተቀየረ ግን ለሁሉም ነው። ከአጠገቡ የስላይድ ሾውን ርዝመት ከሙዚቃው ርዝመት ጋር የምታስተካክል ሣጥን አለች፣ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። እኔም አደረግሁ። አምስት ደቂቃ ያህል የሚሆነው ዜማ ለ92 ፎቶ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ3 ሰከንድ እምብዛም የማይዘል ጊዜ ደረሰው። ዜማውና ፎቶው እኩል አለቁ። ላፕቶፑ ላይ ብቻዬን ሳየው አምሮልኝ ነበር።

ከፎቶዎቹ አንዱ ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የተነሣ ነው። 38 ሠራተኞች በሦስት ረድፍ፤ የፊተኞቹ ተንበርክከዋል፣ የመሐሎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ የኋለኞቹ ቆመዋል። አባቴ ከኋላ ናቸው፤ የባርኔጣቸው ጥላ ግማሽ ፊታቸው ላይ ወድቋል። ሳሎን ሞልቶ ሲታይ ያ ፎቶ መጣና ሄደ። አክስቴ ከሶፋው ብድግ አሉ።

«ቆይ እንጂ! ምነው ወሰድከው? መልሰው፣ መልሰው!»

«እሺ እትዬ፣ ይቀመጡ፣ አቆምልዎታለሁ።»

መልሼ አቆምሁት። ፒያኖውም አብሮ ተቋረጠ። ዲስኩ ላይ ፎቶውና ዜማው እንደ አንድ ቪዲዮ ተገምደው ስለሚቀዱ አንዱን ይዞ ሌላውን መልቀቅ አይቻልም። ሳሎኑ ጸጥ አለ። አክስቴ አልተቀመጡም። የቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ከግራ ጀመሩ። «ይሄ ሹፌሩ ነው። ይሄኛው ትኬት ቆራጩ፣ ወንድምዬን ክርስትና የጋበዘው። ይሄ ጅቡቲ ሄዶ ቀረ...» አሥራ አንደኛው ሰው ላይ ሲደርሱ ሌላ እንግዳ ገባ፣ ሰው ተነሣ፣ ዲስኩም ቀጠለ።

አልበም ጉልበት ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ገጹን የሚያዞረው ሰው ከጎኑ ያለውን ዓይን እየተከተለ ነው። ጨረስሽ? አየሽው? ይላል። አንድ ሰው ያለበት ጉርድ ፎቶ በሦስት ሰከንድ ይበቃል። የቡድን ፎቶ ግን መጀመሪያ የምናውቀውን ፊት ፍለጋ ነው፤ ከዚያ አጠገቡ ያለው ማነው ማለት ይመጣል፤ ከዚያ ወሬው። ዲቪዲ ሜከር ለሁለቱም እኩል ይሰፍራል። የስላይድ ሾውን ርዝመት ለዘፈን ማስረከብ ደግሞ ይብሳል፤ አባቴን ስንት ሰከንድ እንደምናያቸው የወሰነው የዜማው ርዝመት ሆነ።

ዜማውንም አልጠቀመውም። እማሆይ ፒያኖ ሲጫወቱ ምታቸው በሰዓት የታሰረ አይደለም፤ አንዱ ሐረግ ይዘገያል፣ ሌላው ይቸኩላል፣ መሐል ላይ ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ዝምታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች ቁጥር 21 የወጡትን ቅጂዎቻቸውን የሰማ ያውቀዋል። ፎቶው ግን በየሦስት ሰከንዱ ይቀየራል፤ ዜማው ትንፋሽ የያዘበት ቦታ ላይ፣ ሐረጉ ገና ሳይወርድ፣ ያለ ርኅራኄ። ምቱ የተደላደለ ዘፈን ቢሆን ይህ ያን ያህል አይሰማም ነበር። ቃል ያለው ዘፈን ላለመምረጤ ግን አሁንም አልጸጸትም፤ ግጥም ሲሰማ ዓይን ፎቶውን ይተዋል።

ፎቶውን ቀስ እያለ የሚያቀርበውና የሚያንሸራትተው እንቅስቃሴም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ዶክመንታሪ ሠሪ ኬን በርንስ እ.ኤ.አ. በ1990 በታየው የእርስ በርስ ጦርነት ፊልሙ ይህን አሠራር በዓለም ያስታወቀው አንድ ነገር ስለነበረው ነው፦ ካሜራው የት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ሰው ነው። ከወታደሩ ጫማ ተነሥቶ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ ተመልካቹ አንድ ነገር ይነገረዋል። ዲቪዲ ሜከር ግን እንቅስቃሴውን አብራ ወይም አጥፋ ብቻ ይላል፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። ሰው ያልመረጠው እንቅስቃሴ ጌጥ ነው፤ የሟች ፎቶ ላይ ደግሞ ጌጡ ይረብሻል። አጠፋሁት።

ሌላው ቅሬታዬ ዲስኩ ላይ ስለሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። በእኛ የፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት የዲቪዲ ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው፣ 415 ሺህ ገደማ። ከ12 ሜጋፒክስል ካሜራ የወጣ ፎቶ ዲቪዲ ላይ ሲገባ ከ30 ነጥብ አንዷ ያህል ብቻ ትተርፋለች። ለቴሌቪዥን ይበቃል፤ ለማተም ግን አይሆንም። ብዙ ቤተሰብ «በዲቪዲ አስቀምጠነዋል» ብሎ ዋናውን ፎቶ ሲያጣ የሚቀረው ይህ ነው። አሥር ደቂቃ ስላይድ ሾው በጥሩ ጥራት 600 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ዲስኩ 4.7 ጊጋባይት ነው። በተረፈው ላይ ዋናዎቹን ፎቶዎች እንዳሉ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። የአፕል አይዲቪዲ ይህን ምርጫ ይሰጥ ነበር፤ ዲቪዲ ሜከር አይሰጥም። የዲስኩን ምስል እንደ አንድ ፋይል ኮምፒውተር ላይ ማስቀረትም አያውቅም፤ በቀጥታ ባዶ ዲስክ ላይ ይጽፋል እንጂ። በነፃ የሚገኘው ዲቪዲስታይለር ይህን ያደርጋል፤ ዛሬ አዲስ ለሚጀምር ሰው የምጠቁመውም እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለውጭ ዘመድ ለሚልኩ። ቅጂውን አሜሪካ ላለችው እህቴ ስልክላት ዴኳ አልቀበልም አለ፤ ኮምፒውተሯ ላይ ግን ሠራ። ስህተቱ የእኔ ነበር። እኛ ፓል ነን፣ እነሱ ኤን ቲ ኤስ ሲ ናቸው፤ እዚያ የሚሸጡ ብዙ ዴኮች ፓልን አያነቡም። እዚህ ያሉት አብዛኞቹ ሁለቱንም ስለሚያነቡ ዲስኩ ባሕር የሚሻገር ከሆነ ከዚያው ከአማራጮች መስኮት ኤን ቲ ኤስ ሲን መምረጥ ነው። እህቴ እንደ እኛ ሳሎኗ ውስጥ በቴሌቪዥን ማየት ያልቻለችው በአንዲት ምልክት ምክንያት መሆኑ እስካሁን ይቆጨኛል።

በቀጣዩ ዓመት እንደገና ሠራሁት። ከቪስታ ጋር የመጣው ሙቪ ሜከር ለእያንዳንዱ ፎቶ የቆይታ ጊዜውን ለየብቻ ለመጎተት ይፈቅዳል፤ የተጠናቀቀውን ቪዲዮ ደግሞ ለዲቪዲ ሜከር ያስረክባል። ሥራው ከአንድ ምሽት ወደ አምስት ምሽት አደገ። ዜማውን እየሰማሁ፣ እማሆይ ትንፋሽ በያዙበት ሁሉ ፎቶውን እያቆየሁ፣ 92ቱን ወደ 60 ቀነስሁ፤ ዜማም ሁለት ጨመርሁ። የምድር ባቡሩን ፎቶ ሦስት ቦታ ከፈልሁት፤ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ ረድፍ በረድፍ፣ በመጨረሻ የአባቴን ፊት ከነጥላው። በጠቅላላ 50 ሰከንድ ሆነ። ዋናዎቹን ፎቶዎች ለብቻ በሁለተኛ ዲስክ ገልብጬ ከሽፋኑ ውስጥ አብሬ አስቀመጥሁ።

አክስቴ በዚህኛው ጊዜ ከሶፋው አልተነሡም። የመሐለኛው ረድፍ ሲመጣ ፒያኖው እየተሰማ በሹክሹክታ ስም መጥራት ጀመሩ፤ ልጄ ከጎናቸው ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ረድፉ መጨረሻ ላይ እጁን ኪሱ የከተተ ቀጭን ልጅ አለ፤ ማንነቱን ከቤቱ ሰው ያወቀ አልነበረም። አክስቴ ትንሽ ቆዩ። ፎቶውም አልሄደም።

«ይሄማ» አሉ፣ «ወንድምዬ ከራሱ ጋር ሥራ ያስገባው ልጅ ነው። ጻፊው፣ ስሙን ልንገርሽ።»