ሦስተኛው ሰው በዕርቅ አደባባይ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለውን ተረት በአገራችን ያልሰማ ሰው የለም። ሽማግሌው በዕርቅ ወንበር ላይ ይጠቅሰዋል፤ መምህሩ ለተማሪዎቹ ያስጽፈዋል፤ ጋዜጠኛውም ስለ ጠብ በጻፈ ቍጥር መነሻ ያደርገዋል። ቃሉ እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በዛሬው ጽሑፋችን ይህን የተከበረ ተረት ልንነቅፈው ተነሥተናል። የምንነቅፈውም ስለ ተናገረው ነገር ሳይሆን ስለ ተወው ሰው ነው። ተረቱ የሚያውቀው ወጊውንና ተወጊውን ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ ሳለ ጦሩ ያገኘውን፣ ከአንዱም ወገን ያልተቈጠረውን ሦስተኛውን ሰው አያነሣውም። ስለ ጦርነትና ስለ ዕርቅ የምንጽፈውና የምንናገረው አብዛኛው ነገር ይህንኑ ጕድለት የወረሰ መስሎ ስለ ታየን፣ አንዲት ከተማን ምሳሌ አድርገን ነገሩን ልንመረምረው ፈቀድን።

ከተማይቱ ሚኤሶ ናት። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ላይ ትገኛለች። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያ ካቆመባቸው ስፍራዎች አንዷ እርሷ ነበረች፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በእርሷ በኩል ያልፋል። በዚህ በአዲሱ መሥመር ላይ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ሌላ የቻይና ኩባንያ ሠራው። ሚኤሶ የሁለት ሥራዎች መገናኛ ሆና ሐዲዱ ተጋጠመ። ሰውን ከሰው ማጋጠም ግን ብረትን ከብረት እንደ ማጋጠም አልቀለለም።

በሚኤሶ ዙሪያ ኦሮሞውና ሶማሌው ከጥንት ጀምሮ ጐን ለጐን ይኖራሉ። አንዱ ማሽላ ይዘራል፤ ሌላው ግመል ያረባል፤ ብዙው ደግሞ እርሻንና ከብትን አጣምሮ ይኖራል። ውኃና ግጦሽ ሲያንስ ይጋጫሉ፤ በገበያና በጋብቻ ይገናኛሉ። አስተዳደር በብሔር ወሰን ከተከለለ ወዲህ ግን የውኃና የሣር ጠብ የወሰን ጠብ ሆነ። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ፣ ከአራት መቶ በሚበልጡ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ አብዛኞቹም ቀበሌዎች ወደ ኦሮሚያ ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ሚኤሶ የሚባል ወረዳ በኦሮሚያም በሶማሌ ክልልም ተመዝግቦ እናገኛለን፤ አንድ ስም ሁለት ባለቤት አገኘ ማለት ነው። ድምፅ መስጠት ጥይት ከመተኰስ እንደሚሻል አያጠራጥርም። ቢሆንም ለጥያቄው የተዘጋጁት መልሶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ወይ ወደዚህ፣ ወይ ወደዚያ። አባቱ ኦሮሞ እናቱ ሶማሌ የሆነ፣ በሁለቱም ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው ምን ብሎ ይመልስ?

ሦስተኛው ሰው የምንለው እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነው፤ ይሁን እንጂ እርሱ ብቻ አይደለም። በባቡሩና በገበያው ሳቢያ ከሩቅ አገር መጥተው በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች የከተሙ፣ ከሁለቱም ሕዝቦች ያልተወለዱ ሰዎች አሉ። እንደዚሁም በገዛ ወገኑ መካከል ስለ ሥራው የተናቀ ባለ እጅ አለ፤ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ። ይህ ንቀት የአንድ ሕዝብ ነውር አይደለም። በሶማሌው ዘንድ ጋቦዬ የሚባሉት፣ በኦሮሞው ዘንድ ቱምቱ የሚባሉት፣ በአማራውም ዘንድ በልዩ ልዩ የስድብ ስም የተጠሩት ባለ እጆች ሁሉ ቀምሰውታል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል።

ጠብ በተነሣ ጊዜ እነዚህ ሰዎች የሚያገኛቸው ምን ዓይነት መከራ እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመስከረም 2010 ዓ.ም. በምሥራቅ ሐረርጌ በአወዳይ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በዚያው ዓመት ከሶማሌ ክልል ኦሮሞዎች፣ ከኦሮሚያም ሶማሌዎች በመቶ ሺዎች እየተቈጠሩ ከኑሯቸው ተነቀሉ። በታኅሣሥም በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ፣ በሐዊ ጉዲናና በዳሮ ለቡ ወረዳዎች፣ ከሁለቱም ወገን ስድሳ ያህል ሰዎች ተገደሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ማነስ የደም ጕዳይ ሳይሆን የቦታ ጕዳይ ሆኖ መገኘቱ ነው። በአንዱ ወረዳ ብዙ የነበረው በሚቀጥለው ወረዳ ጥቂት ይሆናል፤ ጥቂት በሆነበትም ስፍራ ሌላ ሰው በሌላ አገር ስላደረገው በደል ተጠያቂ ይደረጋል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ነኝ ብሎ የሚመካ ሁሉ ነገ በሌላ ከተማ ሦስተኛው ሰው ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል።

ከዚያ ዘመን ወዲህ በየስብሰባው ላይ የተነገረውን ስንመረምር ከሁሉ ይልቅ የተደጋገመው ቃል «ሁለቱ ወንድማማች ሕዝቦች» የሚለው ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ የተናገሩትም በቅን ልቡና እንደ ሆነ እንቀበላለን። ነገር ግን ወንድማማች በተባለ ቍጥር እኅቲቱ ትረሳለች፤ ሁለቱ በተባለም ቍጥር ሦስተኛው ይደመሰሳል። ከአንዱ ቤት ተወልዳ ለሌላው የተዳረች ሴት በጠቡ ወራት በወላጆቿ ዘንድ የጠላት ሚስት፣ በባሏ ዘመዶች ዘንድ የጠላት ልጅ ናት። ዕርቁ ሲወርድ ግን የእርሷ ስም በቃለ ጉባኤው ላይ አይገኝም።

ድርሰታችንስ ከዚህ ነቀፋ ነጻ ነውን? በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት ተብሎ የሚታወቀውን፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን ፋቡላን የደረሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ አሰበ ተፈሪን ዋና ከተማ አድርገው ይህንኑ የጨርጨርን አገር ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። ሹማምንትን ለመንቀፍ ባሰቡ ጊዜ አንደበት የሌላቸውን አውሬዎች አናገሩ። እንግዲህ የተውኔታችን መጀመሪያ ያልተነገረለት እንዲናገር ማድረግ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የጦርነት ድርሰታችን ግን ብዙ ጊዜ ይህን ፈለግ አልተከተለም። በ1975 ዓ.ም. የታተመውን የበዓሉ ግርማን ኦሮማይን ብንወስድ፣ የዘመቻው ዕቅድና የባለሥልጣኖቹ ክርክር ብዙ ገጽ ይዟል፤ በአንባቢው ልብ ውስጥ የሚቀረው ግን በሁለት ኃይሎች መካከል ገብታ የጠፋችው የአሥመራዋ ፊያሜታ ናት። ደራሲው የጦርነትን ዋጋ ከጄኔራሎቹ ይልቅ በእርሷ መለካቱ ታላቅነቱን ያሳያል። በምሥራቁ አገራችን ስላለፈው መከራ እንዲህ የሚለካ ድርሰት እንዲጻፍ እንመኛለን።

ከደራሲያን ወደ ሽማግሎች እንለፍ። የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም.፣ የኢሳ ሶማሌዎች ሕግ የሆነው ሔር ኢሳ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብተዋል፤ ይህም የሚያኰራን ነው። ፍርድ ቤት ባልደረሰበት በረሃ ደም እንዳይፈስ ያደረጉ፣ ኦሮሞው ጉማ ሶማሌው መግ የሚለውን የደም ካሣ ያስከፈሉ ሥርዓቶች ናቸው። ነገር ግን የደም ካሣ ከፋዩም ተቀባዩም ጎሣ ነው። ጎሣው ብዙና ብርቱ የሆነ ሰው የሚከራከርለት ያገኛል፤ ጎሣው ጥቂትና ድኻ የሆነ፣ ወይም ጎሣ ቆጥሮ ያልመጣ የከተማ ነጋዴ ግን ሱቁ ቢቃጠል፣ ልጁም ቢሞት የሚጠይቅለት የለም። ቅርስን ማክበር ጕድለቱን መደበቅ ማለት አይደለም፤ ሕግ የሚኖረው ሲታደስ ነውና።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የቦስንያ ታሪክ ያስረዳል። በዚያች አገር ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1995 በዴይተን ስምምነት ቆመ፤ ከስምምነቱ ጋር የወጣው ሕገ መንግሥትም ሥልጣንን ለሦስቱ ተዋጊ ሕዝቦች፣ ለቦስኒያኮች፣ ለሰርቦችና ለክሮአቶች አከፋፈለ። የቀሩት ዜጎች «ሌሎች» ተብለው ተጠሩ። ሴይዲች የተባለ የሮማ ተወላጅና ፊንጺ የተባለ አይሁዳዊ ለርዕሰ ብሔርነት መወዳደር ስለ ተከለከሉ አቤት አሉ፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2009 ፈረደላቸው። ጠመንጃ ያነሡት ሁሉ ወንበር ሲያገኙ፣ ያላነሡት «ሌሎች» ተብለው ቀሩ። ከዚህ የከፋ ትምህርት ለወጣት ሊሰጥ አይችልም፤ ወንበር የምትፈልግ ከሆነ ጠመንጃ አንሣ ማለት ነውና።

አንዳንድ አስተዳዳሪዎች «በመጀመሪያ የሚተኵሱትን እናስታርቅ፤ ሁሉን ከጠራን ስብሰባው ገበያ ይሆናል» ይሉ ይሆናል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ተኵስን ለማቆም ተኳሾቹ ይበቃሉ። ሰላምን ለማቆየት ግን አይበቁም። በጠቡ ማግስት ገበያውን መልሶ የሚከፍተው፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚያስማማው፣ ሐሰተኛ ወሬ በመጣ ጊዜ ከወዲያና ከወዲህ ዘመድ ጠይቆ እውነቱን የሚያጣራው ያ የተረሳው ሰው ነው። እርሱን ያላስቀመጠ ጉባኤ ድልድዩን አፍርሶ ወንዙን እሻገራለሁ እንደሚል መንገደኛ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በዕርቅ ወንበር ላይ ከሁለቱ ወገን ሽማግሎች ሌላ፣ ከሁለቱም የተወለደ፣ ከባለ እጆች የመጣ፣ የከተማ ነዋሪና ሴትም ይቀመጡ። ካሣ በጎሣ በኩል ብቻ ሳይሆን ለተጐዳው ቤተሰብ በቀጥታ ይድረስ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አገራዊ የምክክር ኮሚሽን ሲቋቋም አገር በሙሉ እንዲመካከር መታሰቡ ይታወሳል፤ ያ አሳብ እስከ ሚኤሶ ገበያ ድረስ ካልወረደ በወረቀት ላይ ይቀራል። ሪፖርት የሚጽፉ ሹማምንትም «ሁለቱ ወገኖች» ብለው ከመጻፋቸው በፊት ብዕራቸውን አቁመው ሌላ ማን ነበረ ብለው ይጠይቁ።

መምህራንና ተማሪዎችም ተረቱን መጥቀስ አይተዉ፤ እኛም እንዲጠፋ አንሻም። ነገር ግን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ባሉ ጊዜ፣ በመካከል ቆሞ የቈሰለው ሰው ሁለቱም የረሱት መሆኑን ይጨምሩበት። እርሱ ከታሰበ ዕርቁ የሁሉ ይሆናል፤ ካልታሰበ ግን የሁለት ጠበኞች ዕረፍት ብቻ ሆኖ ይቀራል።