የሥነ ምድር መግቢያ ትምህርትና የዓባይ ሸለቆ

የሥነ ምድርን መግቢያ ትርጓሜ በማስጠናት ብቻ ማስተማር ተማሪውን ከገዛ አካባቢው መሬት ያርቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ የሚታየው የዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ብዙውን ምዕራፍ ይተካል፤ ከላይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ በጥንት ባሕር ውስጥ የተጠራቀመው የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲልም ጂፕሰምና የአሸዋ ድንጋይ ተነባብረዋል። ጉብኝቱ ግን (ለዚያውም ገንዘብ ከተረፈ) ለዓመቱ መጨረሻ መዝናኛ ከተተወ ፋይዳው ትንሽ ነው።

ጉዳዩ የፈተና ነጥብ ብቻ አይደለም። በዚሁ መንገድ ላይ የመሬት መንሸራተት አስፋልቱን ደጋግሞ ጎድቶታል፤ ውሃ የጠገበ ሸክላማ አፈር በተዳፋት ላይ ለምን እንደማይጸና ያልተማረ ልጅ ነገ ቤቱን እዚያው ሊሠራ ይችላል። ለመጀመሪያው ትምህርት ውድ መሣሪያ አያሻም፤ በተፈጨ የኖራ ድንጋይ ላይ ጥቂት አቼቶ ቢፈስ አረፋ ያወጣል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ግን ዝም ይላል።