ድምፁ አንድ፣ ፍቺው ብዙ፦ የጎንደርና የሰሜን ደጋ ስሞች ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ ጎንደር ስም አመጣጥ የሚነገሩ ታሪኮች ብዙ ናቸው። አንዱ ተራኪ ስሙን ‹ጎን እደር› ከሚል ንግግር ያመጣዋል፤ ሌላው ከግዕዙ ‹ጉንደ ሀገር› ጋር ያዛምደዋል። ሦስተኛው ደግሞ መናገሻው በ‹ገ› ቤት ፊደል በሚጀምር ሥፍራ ይጸናል የሚለውን የጥንት ትንቢት ጠቅሶ ጉዛራን፣ ጎርጎራንና ጎንደርን በተራ ይቆጥራል። ሦስቱም ትረካዎች የቆሙት በድምፅ መመሳሰል ላይ ነው። ሦስቱም በአገሬው ዘንድ ተወዳጅ ናቸው፤ በጽሑፎቻችንም ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለ ምርመራ፣ ጎን ለጎን ሰፍረው እናገኛቸዋለን።

ይህ ዳሰሳ የሚሞግተው ይህንን ልማድ ነው። ሁለት ስሞች ወይም ሁለት ቃላት በድምፅ መመሳሰላቸው የጥያቄ መነሻ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። መመሳሰሉም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በጎንደርና በሰሜን ደጋ ቢያንስ አራት ዓይነት መመሳሰል እናገኛለን፦ ፍቺው የዞረ አንድ ቃል፣ በድምፅ የተገናኙ ባዕዳን ቃላት፣ ሁለት ባለቤት ያለው አንድ ስም፣ እና ሆን ተብሎ ከሌላ አገር የመጣ ስም። አራቱን ሳይለይ የስም ታሪክ የሚጽፍ ሰው ታሪኩንም ትውፊቱንም ይጎዳል።

የ‹አንድም› ሚዛን

ጎንደር ለዚህ ጥናት የራሷ የሆነ ሥልት አላት። በከተማዋ የጉባኤ ቤቶች የዳበረው የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ በላይ ቤትና በታች ቤት ተከፍሎ፣ አንዱን ቃል በብዙ ፍች ሲያብራራ ‹አንድም› እያለ ይቀጥላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የታች ቤትን ትርጓሜ አቀኑ የሚባሉት መምህር ኤስድሮስ በዚህ ትውፊት ስማቸው ጎልቶ ይነሣል። መምህሩ መጀመሪያ ዘይቤውን፣ ማለትም የቃሉን ነጠላ ፍች ያስቀምጣል፤ ምሥጢሩ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ የተጠበቀ ስለሆነ ተማሪው የትኛው የቃሉ ፍች፣ የትኛው ደግሞ የመምህሩ ማብራሪያ እንደሆነ አይጠፋውም።

የቦታ ስም ተራኪዎች ከዚህ ትውፊት ‹አንድም›ን ወስደው ዘይቤውን የተዉት ይመስላል። ዘይቤውን ወደ ቦታው ለመመለስ ሦስት መመዘኛዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ስሙ በጥንት ጽሑፍ እንዴት ተጽፏል የሚለው ነው። ሁለተኛው በየትኛው ቋንቋ የድምፅና የሰዋስው ሕግ ይተነተናል የሚለው ሲሆን፣ ሦስተኛው ምድሩና ታሪኩ ፍቹን ይደግፉታል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው በጎንደር ዙሪያ ልዩ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም አማርኛና ግዕዝ ከመስፋፋታቸው በፊት በዚህ ደጋ የአገው ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቅማንትነይ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በአገውኛ የተሰየመን ወንዝ በአማርኛ ግስ ለመፍታት መሞከር ከመነሻው የተሳሳተ መንገድ ነው።

በእነዚህ መመዘኛዎች የጎንደርን ስም ብንፈትሽ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ‹ጎን እደር› በድምፅ ረገድ አያስቸግርም፤ ‹እ› ስትዋጥ ቃሉ ‹ጎንደር› ይሆናል። ነገር ግን በትእዛዝ አንቀጽ የተሰየመ ከተማ ማግኘት አይቀናም፤ ዓረፍተ ነገር የሆነ ስም የምናውቀው በሰዎች ዘንድ ነው፤ ለዚህም እቴጌ ምንትዋብ ምስክር ናቸው። ‹ጉንደ ሀገር› ደግሞ ሁለት ፊደላትን ማስጣል ይጠይቃል። የ‹ገ› ትንቢት ስለ ፍች ምንም አይናገርም፤ የሚያስረዳው መናገሻው ለምን ከቦታ ቦታ እንደ ዞረና አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 በመሠረቱት ከተማ ለምን እንደ ጸና ነው። ስለዚህ ትንቢቱን የፖለቲካ ትውፊት አድርገን ብናነበው ብዙ ያስተምረናል፤ የቃል ምንጭ አድርገን ብንጠቅሰው ግን ያሳስተናል።

ፍቺው የዞረ ቃል፦ ሰሜን

ከአራቱ ዓይነቶች እጅግ አስተማሪው ሰሜን ነው። ዛሬ ‹ሰሜን› የአቅጣጫ ስም ነው፤ ሰሜን ሸዋም ሰሜን ወሎም የተሰየሙት በዚሁ ፍች ነው። የተራሮቹ ስም ግን ከዚህ ፍች ይቀድማል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ተጓዥ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ አንድ የአክሱም ንጉሥ ዓባይን ተሻግሮ በረዶ በማይለያቸው ተራሮች የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች እንደ ወጋ ይተርካል። በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም እንደ ነበርም ይጨምራል። እዚያ የተጠቀሰው ወንዝ ተከዜ እንደሆነ ይታመናል።

አክሱም ላይ ቆሞ ወደ ተከዜ ማዶ ለሚመለከት ሰው እነዚህ ተራሮች በደቡብ ናቸው። ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳስረዱት ‹ሰሜን› በጥንቱ ግዕዝ ደቡብን ያመለክት ነበር። የመንግሥቱ ማእከል በዘመናት ውስጥ ወደ ደቡብ ሲወርድ ተራሮቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ለተመልካቹ በሰሜን በኩል ሆኑ፤ የቃሉም ፍች አብሮ ዞረ። እዚህ ላይ ሁለት ቃላት የሉም። ያለው አንድ ቃል ነው፤ የአገሪቱን የሥልጣን ማእከል ጉዞም በውስጡ ይዟል። ‹ተራሮቹ ሰሜን የተባሉት በሰሜን ስለሚገኙ ነው› የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ይህን ታሪክ ገልብጦ ያስተምራል።

ጉዳዩ ለአስተዳደር ስሞችም ይተርፋል። መቀመጫው ደባርቅ የሆነው የሰሜን ጎንደር ዞን የሰሜን ተራሮችን ያቅፋል፤ ስለዚህ በስሙ ውስጥ ያለው ‹ሰሜን› አቅጣጫም የአገር ስምም ሆኖ ሊነበብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ብሔራዊ ፓርክ ስም ግን የአገሩ ስም ብቻ ነው። ‹የሰሜን አቅጣጫ ተራሮች› ብሎ የሚተረጉመው ሰው ከሺህ ዓመት በላይ የቆየን የአገር ስም ይሰርዛል።

በድምፅ የተገናኙ ባዕዳን፦ ቤጌምድርና ጃን

ቤጌምድር በሦስት ተፎካካሪ ፍቾች መካከል ቆሟል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስን ጨምሮ ብዙዎች ‹የበግ ምድር› ይሉታል። ሌሎች ከ‹በጋ› ጋር አያይዘው ደረቅ ምድር አሉት። ሌሎች ደግሞ በንጉሥ ዔዛና ጽሑፍ ውስጥ ‹ብጋ› ወይም ‹ቤጋ› ተብሎ ከሚነበበው ከቤጃ ሕዝብ ጋር አዛመዱት። በግ የሚለው ፍች በድምፅ ሲታይ ይወድቃል፤ በ‹ቤጌ› ውስጥ ያሉትን ሁለት የኀምስ ድምፆች አያስረዳም፤ በግዕዝ ሰዋስውም ‹ምድረ በግዕ› መባል ነበረበት። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለው ደጋ ብርቱ ክረምት የሚወርድበት በመሆኑ የበጋውን ፍች ምድሩ ራሱ ይቃወመዋል። የቤጃው በድምፅ የተሻለ ቢቀርብም የቤጃ አገር ከዚህ ርቆ በቀይ ባሕር በኩል ነው። አንዳቸውም ሦስቱን መመዘኛዎች አያሟሉም፤ ስለዚህ አንዱን መርጦ በመማሪያ መጽሐፍ እንደ እውነት ማስፈር ተገቢ አይደለም።

የ‹ጃን› ታሪክ በአንጻሩ የጠራ ነው። ቃሉ ለንጉሥ ይነገር እንደ ነበር ‹ጃንሆይ› ያስረዳል። በጎንደር መሐል ያለው የጃንተከል ዋርካ ንጉሥ የተከለው ዛፍ ተብሎ ይተነተናል፤ የአዲስ አበባው ጃን ሜዳና ጃንጥላም ከዚሁ ይዛመዳሉ። በሰሜን ደጋ ያለው ጃን አሞራ ወረዳ ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዜና መዋዕል ውስጥ ጃን አሞራ ከተባለው የንጉሥ ጭፍራ ጋር ስሙን ይጋራል። አንዱ ክፍለ ቃል በዛፍም በወረዳም በሜዳም ላይ አንድ ፍች ይዞ ተገኘ፤ ይህ መመሳሰል የዝምድና ነው ለማለት የሚያስደፍረንም ይኸው የተደጋገመ ምስክርነት ነው።

ይኸው ቃል ወደ አውሮፓ ጆሮ ሲደርስ ግን ሌላ ሆነ። የአውሮፓ ሰዎች የኢትዮጵያን ንጉሥ በአፈ ታሪካቸው ከሚያውቁት ‹ካህኑ ዮሐንስ› ጋር አንድ ሲያደርጉት፣ ‹ጃን› ከዮሐንስ ስም ጋር መመሳሰሉ እምነታቸውን እንዳጸናው የሚያስረዱ አጥኚዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1441 ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ የሄዱት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ንጉሣቸው ዘርዐ ያዕቆብ እንጂ ካህኑ ዮሐንስ እንዳልሆኑ ተናግረዋል። ስሙ ግን ከዚያ በኋላም በካርታና በመጽሐፍ ላይ ዘመናትን ኖረ። በሁለት ቋንቋዎች መካከል የሚፈጠር የድምፅ ግጥምጥሞሽ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

አንድ ስም፣ ሁለት ባለቤት

አንገረብ ሁለት ነው። አንዱ ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው፣ ከመገጭ ጋር ተገናኝቶ ጣና የሚገባው ወንዝ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወርዶ አትባራን ይቀላቀላል። የጥንት ጉዞ ዘገባ የሚያነብ ሰው ሁለቱን ካልለየ ተጓዡን ከነጓዙ ወደ ሌላ ተፋሰስ ያሻግረዋል።

በሰዎችም እንዲሁ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ የሚያወራልን ፋሲል የዳሞቱ መኰንን ነው፤ ከተማዋን የመሠረቱት ንጉሥ ከሞቱ ያን ጊዜ መቶ ዓመት አልፏል። የዙፋን ስሞችም ይመሳሰላሉ፦ ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ፣ ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ የልጅ ልጃቸው ቀዳማዊ ኢያሱ አድያም ሰገድ ተባሉ። ከሁሉ የከበደው የካሳ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 በሰሜን ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት የቋራው ካሳ ኃይሉ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተውን የእንግሊዝ ጦር መንገድ ያሳለፉት ደግሞ የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ የኋላው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። በዘመኑ የተጻፈን ደብዳቤ የሚመረምር ሰው ‹ካሳ› የሚለውን ስም ብቻ ይዞ ሊፈርድ አይችልም፤ የአባት ስም፣ ቀንና ቦታ ያስፈልጉታል።

አራተኛው ዓይነት ሆን ተብሎ የተደረገው ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከጎንደር በላይ ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ስሙን ያገኘው ቅድስት ቤተሰብ በስደት ዐረፈችበት ከሚባለው የግብፅ ቁስቋም ነው። በአፄ ቀዳማዊ ኢያሱ የተሠራው የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ዘርዐ ያዕቆብ ከመሠረቱት የሸዋው ደብረ ብርሃን ጋር በስም ይገናኛል። እነዚህን ድንገተኛ መመሳሰል ብሎ ማለፍ አይገባም፤ በስም አማካይነት ቅድስናን ወደ ራስ አገር የማምጣት የታወቀ ሥርዓት ናቸው።

ፊደሉ የሚያሳየውና የሚሸሽገው

የጽሑፋችን ጠባይ ችግሩን በሁለት በኩል ያከብደዋል። በአንድ በኩል ፊደሉ ጆሮ የማይለየውን ይለያል። በግዕዝ ‹መሐረ› ይቅር አለ፣ ‹መሀረ› አስተማረ ነው፤ ‹ሠረቀ› ወጣ፣ ‹ሰረቀ› ሌባ ሆነ ነው፤ ‹ሠዐለ› ሥዕል ሣለ፣ ‹ሰአለ› ለመነ ነው። ‹ድኅነት› መዳን ሲሆን ‹ድህነት› ማጣት ነው። በአማርኛ ድምፃቸው ስለ ተዋሐደ ጸሐፊዎች ፊደሉን እንደ መጣላቸው ይጽፉታል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ይህን ልዩነት ለማጽናት የደከሙት የስምና የቃል ሥር በእርሱ ስለሚታወቅ ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ክርክር ለዕለት ጽሑፍ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ለስም ጥናት ግን የድሮውን አጻጻፍ መጣል ማስረጃ ማጥፋት ነው።

በሌላ በኩል ፊደሉ ጆሮ የሚለየውን ይሸሽጋል። ‹ገና› ሲላላ የጊዜ ቃል፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ‹ዋና› ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ሲጠብቅ ቀዳሚ ነው። ‹ሰፊ› ሲላላ ልብስ የሚሰፋ፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው። በመካከለኛው አፍሪካ የሚነገረው ሊንጋላ ‹ሞቶ› የሚለውን ቃል በድምፅ ከፍታ ብቻ ‹ሰው› እና ‹ራስ› ብሎ ይከፍለዋል፤ በእኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው መጥበቅና መላላት ነው። የቦታ ስም በወረቀት ብቻ ሲሰበሰብ የሚጠፋው ይኸው ነው። ባለቅኔ ይህንን አሻሚነት ለሰምና ለወርቅ ያውለዋል፤ የስም አጥኚ ግን ሊፈታው ግዴታ አለበት።

ያልተፈታ አሻሚነት ሥር እንደሚሰድ የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ያሳያል። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ ተራራ ራስ ደጀንም ራስ ዳሸንም ተብሎ ይጻፋል። ‹ራስ› የአካል ክፍልም፣ የማዕረግ ስምም፣ ጫፍም ነው፤ ‹ደጀን› በአማርኛ ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ኃይል ሲሆን በጎጃም የከተማ ስምም ነው። ‹ዳሸን› ግን ባንክና በጎንደር የሚጠመቅ ቢራ ሆኖ በገበያ ጸንቷል። አሁን አንዱን ቅርጽ በዐዋጅ መሻር አይቻልም። የሚቻለው ሁለቱንም ከነዘመናቸውና ከነምንጫቸው መዝግቦ ማቆየት ነው።

ብያኔ

የጎንደር የስም ትረካዎች መናቅ የለባቸውም። ሕዝቡ ራሱን፣ ነገሥታቱንና ምድሩን እንዴት እንደ ተረዳ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። ጥፋቱ የሚመጣው የትረካው ፍች የቃሉን ዘይቤ ሲተካ ነው። ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ መኖር ያለባቸው ግን በተለያየ ርእስ ሥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ማሠልጠኛነት የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የታሪክ መምህራን አሉት፤ ከተማዋም የትርጓሜ ሊቃውንትን አላጣችም። ከእነዚህ ወገኖች የሚጠበቀው የጎንደርና የሰሜን ደጋ የቦታ ስሞች መዝገብ ነው። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ስም የአገሬውን አነጋገር ከመጥበቅና ከመላላቱ ጋር በድምፅ ይቅረጽ፤ በብራናና በርስት ሰነድ ያለውን አጻጻፍ ከነዘመኑ ያስፍር፤ የተራኪውን ፍች ለብቻው ያስቀምጥ። ሥራው የቅማንትነይ ቋንቋን በሚያውቁ አረጋውያን ቢጀምር ይገባዋል፤ ብራናው ሊጠብቀን ይችላል፣ እነርሱ ግን ብዙ ጊዜ የላቸውም።