ስለ ራስ ደጀን የጉዞ መምሪያዎች አጻጻፍ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ለመንገደኛ ብቻ ሳይሆን ለጸሐፊም ይሠራል። የጉዞ መምሪያ የሚጽፍ ሰው የማያውቀውን መንገደኛ ወገብ የሚያስታጥቅ ነውና፣ ቃሉ የላላ እንደ ሆነ ትጥቁ የሚፈታው በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በቧሂት በር ብርድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ግጥምንና ልብ ወለድን ሲመረምር የኖረው ሂሳችን ይህን ትሑት የጽሑፍ ዓይነት ቢመለከት የሚያስነውር አይሆንም። ለምሳሌ የምንወስደውም በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በኩል ወደ ራስ ደጀን ስለሚደረግ ጉዞ የሚጻፈውን ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት የሚታየው በስሙና በቁጥሩ ላይ ነው። ደጀን ማለት በሰልፍ ጊዜ ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ኃይል መሆኑን አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። የውጭ አገር ካርታዎች ግን «ራስ ዳሸን» ብለው ጻፉት፤ እኛም የራሳችንን ቃል ከእነርሱ መልሰን ተበድረን በመምሪያዎቻችን ላይ አተምነው። ከፍታውም እንዲሁ ነው። አንዱ መጽሐፍ 4,620 ሜትር፣ ሌላው 4,533፣ በአሁኑ ጊዜ የሚበዙት ደግሞ 4,550 ይላሉ። ልዩነቱ የመንገደኛውን ጕልበት የሚለውጥ አይደለም፤ ነገር ግን ቁጥሩን ከየት እንዳገኘው ሳይናገር የሚገለብጥ ጸሐፊ በሌላውም ነገር እንዳይታመን ራሱ ይመሰክርበታል።

ሁለተኛው ጉድለት «የመጀመሪያው ወጪ» የሚለው አነጋገር ነው። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ራስ ደጀን መውጣታቸው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በ4,300 ሜትር ገደማ የድንጋይ ምሽግ ፍራሽ አለ፤ እረኞችም ከብቶቻቸውን በዚያ ከፍታ ያሰማራሉ። ምሽግ የሠራ ሰው ጥቂት ከፍ ብሎ ራሱን ተራራውን አልረገጠም ብሎ የሚምል ማን ነው? ትክክለኛው አጻጻፍ «መውጣታቸውን ጽፈው ያቆዩ የመጀመሪያዎቹ አውሮጳውያን» ማለት ነበር። መውጣት አንድ ነገር ነው፤ መጻፍ ሌላ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዕር ያልጻፈውን ሰው እንዳልኖረ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉ ይከፋል፤ ዝምታ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሦስት መምህራን ባልንጀሮቼ ጋር ይህን ጉዞ ስናቅድ በእጃችን የነበረው ማስታወሻ «ከደባርቅ ጨነቅ በመኪና በአንድ ቀን ይደረሳል» ይል ነበር። ነገሩ እውነት ነው፤ ደረስንም። ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ያህል ከፍታ እንዳላቸው፣ ሰውነትም እንዲህ ያለውን ዝላይ በአንድ ሌሊት እንደማይለምድ ግን የነገረን አልነበረም። አንዱ ባልንጀራችን ሌሊቱን ራሱን ሲያመውና ሲያስታውከው አድሮ በማግሥቱ ይዘነው ተመለስን። ማስታወሻው አልዋሸም፤ ነገር ግን ማለት የሚገባውን አላለም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበትን ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር አብልጦ አለማስጨመር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀን አንድ ቀን ማረፍ፣ ሕመም ሲሰማ ወደ ላይ አለመቀጠል፣ ሲጠና መውረድ፤ ይህ ሁሉ በአራት መስመር ይጻፋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶች ሐኪም ሳይሆኑ ይህን ተናግረውታል።

እንዲሁም «ከጨነቅ እስከ አምቢቆ የአንድ ቀን መንገድ» ብሎ የሚያልፍ አለ። ያ አንድ ቀን ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው በቧሂት በር ተሻግሮ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ፣ እንደ ገና ሽቅብ የሚወጣበት ቀን ነው። ርቀትን በቀን ቆጥሮ ቁልቁለቱንና አቀበቱን የሚተው ጸሐፊ፣ የዘፈንን ግጥም ጽፎ ዜማውን እንደ ተወ ሰው ነው።

አራተኛው ጉድለት አገሩን ያለ ሰው መሳል ነው። ጭላዳው፣ ዋልያው፣ ጅብራውና ጓሳው በቅጽል ተሸልመው ይቀርባሉ፤ መንገድ መሪው፣ ጠመንጃ አንግቶ የሚከተለው ስካውት፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ ነጂው ግን በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ይገኛሉ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጠረ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። በመካከሉ፣ በ2016፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዛሬ የግጭን ሜዳ ጸጥታ የሚያደንቅ ጸሐፊ፣ ጸጥታው ከየት እንደ መጣ ካልተናገረ ግማሹን እውነት ብቻ ሰጠን። የዋልያው መትረፍ መልካም ነው፤ ገብሱን ትቶ የሄደው ገበሬም ሊታወስ ይገባዋል።

ይህን ስንል መምሪያ ጸሐፊዎች ሁሉ ሰነፎች ናቸው ማለታችን አይደለም። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚበረታ፣ ከጥቅምት ወዲህ ሰማዩ እንደሚጠራ፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ግን ውርጭ እንደሚወርድ በቅን የሚጽፉ አሉ። ከ2020 ወዲህ በሰሜኑ አገራችን ጦርነትና ግጭት ስለ ደረሰ፣ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ጠይቁ ብለው የሚመክሩም ይመሰገናሉ።

እንግዲህ የምንጠይቀው ጥቂት ነው፤ ስሙን በትክክል ጥሩት፤ የሰማችሁትን ካያችሁት ለዩ፤ አቀበቱን አትደብቁ፤ ሰዉን አትርሱ። ሌላው ጽሑፍ ቢሳሳት አንባቢው መጽሐፉን ያጥፋል፤ ይህኛው ቢሳሳት ግን አንባቢው ራሱ ከመንገድ ይቀራል።