«ይህ ነው» እና «እነዚህ ናቸው»

የፈረንሳይኛን ሰዋስው የሚማር ሰው ገና ከደጁ ሳያልፍ ሁለት አነጋገሮች ያሰናክሉታል። አንዱ «ሴ» ነው፤ «ይህ ነው» ተብሎ ይተረጐማል። ሁለተኛው «ስ ሶን» ነው፤ «እነዚህ ናቸው» ተብሎ ይተረጐማል። ደንቡም የሚከተለው ስም ነጠላ ቢሆን «ሴ»፣ ብዙ ቢሆን «ስ ሶን» በል ይላል። ነገር ግን «እኛ ነን»፣ «እናንተ ናችሁ» ለማለት ሲፈለግ፣ ባለቤቱ ብዙ ሳለ፣ «ሴ ኑ»፣ «ሴ ቩ» ይባላል። የገንዘብና የሰዓት ቍጥርም ሲነገር አሥር ቢሆን «ሴ» ነው።

ተማሪው ቢሰናከል ጥፋቱ የአተረጓጐሙ ነው። «ስ» የሚለው ማመልከቻ በሁለቱም ስፍራ ነጠላ ነውና፤ የሚለወጠው ከኋላው ያለው አንቀጽ ብቻ ነው። እንግዲህ ማመልከቻው ራሱ የበዛ አስመስሎ «እነዚህ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ መምህር ተማሪውን ከመነሻው ያሳስተዋል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ግን በዚህ አይደነግጥም፤ በግዕዝም «ውእቱ» ነባር አንቀጽ ሲሆን ነጠላነቱን ሳይለቅ «ንሕነ ውእቱ» ተብሎ ለብዙ ይነገራልና።

ፈረንሳዮችም ችግሩን አይተውታል። በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1901 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ዦርዥ ሌግ ባወጡት ትእዛዝ፣ በ«ስ ሶን» ፈንታ «ሴ» ብሎ የጻፈ ተፈታኝ ስሕተት እንዳይቈጠርበት ተፈቀደ። ለምሳሌ የቀረበውም ስለ ተራሮችና ስለ ገደሎች የሚናገር ነው። ፈቃዱን እናመሰግናለን፤ ጕድለቱን ግን አንሸሽግም። ትእዛዙ የጠቀሰው የደራስያንን ልማድ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አልገለጠም። ምክንያቱን ያላወቀ ተርጓሚም ፈቃዱ የት እንደሚያበቃ ሊያውቅ አይችልም።

እንዲህ ያለው ተርጓሚ ነው «ይህ ተራሮች ናቸው» ብሎ ቋንቋችንን የሚያበላሽ። ከአሰላ ቆሞ ጭላሎንና ካካን በጣቱ የሚያሳይ ሰው በአማርኛ «እነዚህ ተራሮች» ይላል፤ ወይም ስሙን ነጠላ አድርጎ «ይህ ሁሉ ተራራ» ይላል። ነጠላውን ከብዙው ጋራ ግን አያደባልቅም።

በአርሲ ደጋ ለሚያስተምሩም አንድ ቃል እንጨምር። በኦሮምኛ «ኩን» የሚለው ማመልከቻ ለአንድም ለብዙም ይሆናል፤ ብዛቱን የሚናገረው ስሙ ነው። ስለዚህ ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆነ ሕፃን በአማርኛ «ይህ ልጆች» ቢል ከእናቱ ቋንቋ የተማረውን ሥርዓት መጠበቁ ነውና ሊሣቅበት አይገባም። መምህሩ ሁለቱን ሥርዓቶች ጐን ለጐን አቁሞ ያሳየው። ለፓሪስ ተፈታኝ የተሰጠው ምሕረት ለአሰላ ሕፃን ሊነፈግ አይገባምና፤ ከምሕረቱም ጋራ ምክንያቱ ይነገረው።