«እርሾ ስኳር ይበላል»፦ ግማሽ ማብራሪያ

ስለ እርሾ ክፍል ውስጥ የምንሰማው ያው ነው፦ ስኳር ይበላል፣ ጋዝ ያወጣል፣ ሊጡ ኩፍ ይላል። ውሸት አይደለም፤ ዋናውን ግን ዘሎታል። እርሾ እኮ ያማርጣል!

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ዳቦ ቤት የተቦካ ሊጥ ውስጥ ግሉኮስም ማልቶስም አለ። ግሉኮስ እስካለ ድረስ ሚግ1 የሚባል ፕሮቲን የማልቶስ ጂኖችን ያፍናል። ስለዚህ ማልቶስ ወደ ሴሉ የሚገባበት በር አይሠራም። ግሉኮሱ ሲያልቅ ጂኖቹ ይነበባሉ፣ በሩም ይሠራል። ይሄ ጊዜ ይወስዳል፤ በብዙ የእርሾ ዝርያዎች ጋዙ መሃል ላይ ቀነስ ብሎ እንደገና የሚጨምረው ለዚህ ነው። (አምራቾችም ቶሎ የሚሸጋገሩትን ዝርያዎች ይመርጣሉ።)

በ1996 እ.ኤ.አ. 6,000 ገደማ ጂኖቹ የተነበቡለትን ፍጥረት ዝም ብሎ እንደሚውጥ ከረጢት መሳል ይደብራል። ሊጡ ላይ ስኳር ከተጨመረ ደግሞ የማልቶስ ተራ ይበልጥ ይዘገያል።